ዕድር የሌላቸው ልጆች

የሰውን ማኅበራዊ ሀብት፣ ማለትም ከሌሎች ጋር ያለውን ትስስር፣ ለመለካት የሚነሡ አጥኚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአባልነት ይጀምራሉ። ዕድር አለህ? ዕቁብስ? አሜሪካዊው ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ የአገሩ ሰው መራራቁን ያሳየው በከፊል የክበብና የማኅበር አባላትን እየቆጠረ ነው። ለአዋቂ ደህና መለኪያ ነው፤ ለ15 ዓመት ልጅ ግን አይሆንም።

ሰፈራችን መጠይቅ ይዞ የመጣ ወጣት አንዲት የቤት ሠራተኛን «የዕድር አባል ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ሰምቻለሁ። «እትዬ ናቸው የሚከፍሉት» አለችው። እትዬ አጠገቧ ቆመዋል። «ጎረቤቶችሽን ታምኛለሽ?» ሲላት አሠሪዋን ቀና ብላ አየችና «አዎ» አለች። ወጣቱም ምልክት አድርጎ አለፈ። ብትታመም ማን እንደሚያስታምማት፣ ከዚያ ቤት ውጪ ብትባል የት እንደምታድር የጠየቃት የለም።

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያውቅ ሥራ ግን እዚሁ አገራችን ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥት ፖፑሌሽን ካውንስል በተባለ የምርምር ድርጅት ድጋፍ የጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለ ፕሮግራም በከተማ ድሃ ሰፈሮች ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑ ልጃገረዶችን ያሰባስብ ነበር፤ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። ፕሮግራሙ ሲመዘን ልጆቹ የተጠየቁት ጓደኛ እንዳላቸው፣ ሲቸግራቸው የሚያበድራቸው፣ ማደሪያ ሲያጡ የሚያስጠጋቸው ሰው እንዳለ ነበር። አስተባባሪዎቹ የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆቹን ይመዘግባሉ፣ አሠሪዎችን ያግባባሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ይህን ማግባባት ነው። ወዳጅ የሚገኘው ከቤት መውጣት ሲቻል ነውና። እሑድ ከሰዓት ፈቃድ ያላት ልጅና ያለ ዘምቢል ከበር የማትወጣ ልጅ ሁለቱም «ጓደኛ አለኝ» ቢሉ እኩል ነጥብ ሊሰጣቸው አይገባም። ፈቃዱም ራሱ መቆጠር አለበት።

በተቃራኒው፣ ያላቸው ሀብት የማይታይላቸው ልጆች አሉ። ከአንድ አካባቢ የመጡ ሊስትሮዎች አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ ከዕለት ገቢያቸው ላይ ዕቁብ እየጣሉ፣ የታመመውን እያስታመሙ ይኖራሉ። አዲስ የመጣውን ልጅ ደንበኛ የሚያስለምዱት፣ ብሩሽና ቀለም የሚያውሱት እነሱው ናቸው። ዕቁባቸው መዝገብም ማኅተምም ስለሌለው፣ ለአዋቂ የተሰናዳ መጠይቅ ከምንም አይቆጥረውም።

እንግሊዛዊቷ አጥኚ ቨርጂኒያ ሞሮው በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ስታጠና ለእነሱ አስፈላጊ የሆኑ ቦታዎችን ራሳቸው ፎቶ እንዲያነሡ አድርጋ ነበር። ልጁ ራሱ ሲያሳይ፣ ወላጅ ሊናገርለት የማይችለው ነገር ይወጣል። የእኛም ልጆች ይህ ዕድል ቢሰጣቸው ምን ያሳዩን ነበር? ኳስ ሜዳ የነበረውን ቦታ የዘጋውን አጥር? የማታ ትምህርት ቤቱን በር?

ለዚህ ነው ቀጣዩን መጠይቅ የምታዘጋጁ ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲዎችን የምማጸነው። ትምህርት ቤት ብቻ ሄዳችሁ አትመለሱ፤ በሰው ቤት የምትሠራው እዚያ የለችም። ሴት ጠያቂ ላኩላት፤ ብቻዋን ታነጋግራት፣ እትዬ ሳይሰሙ። «የምን አባል ነሽ?» ከማለት አስቀድማም «ዛሬ ማታ ቢከፋሽ የማንን በር ታንኳኪያለሽ?» ብላ ትጠይቃት፤ ዝም ካለችም ዝምታዋ ይመዝገብ።