የልጅ ልጅ ሲጠይቅ

እዚህ ነታንያ የልጅ ልጃችሁ እንግሊዞች በዓኮ እስር ቤት ስለሰቀሏቸው ታጋዮች ተምሮ መጥቶ፣ «በኢትዮጵያስ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ወይ?» ቢላችሁ ዝም አትበሉ። ስለ አቡነ ጴጥሮስ ንገሩት። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ጁላይ 29 ቀን 1936፣ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

«እሳቸው ጳጳስ፣ እኛ ቤተ እስራኤል፤ ምናችን ናቸው?» የሚል አይጠፋም። ያው የሙሶሊኒ መንግሥት በ1938 በጣሊያን አይሁዶች ላይ የዘር ሕግ አወጣ። ጠላቱ አንድ ነበር።

አባቶቻችሁ ስለዚያ ዘመን ያወሯችሁንም ጨምሩበት። ዕብራይስጡ ባይሞላላችሁ በአማርኛ ይሁን። እናንተ ካልነገራችሁት ማን ይነግረዋል?