ንጉሥ ይከሰሳል

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብለው አባቶቻችን ተረቱ። ንጉሡ ከወረዱ 50 ዓመት አለፈ፤ ተረቱ ግን ከዙፋኑ ጋር አልወረደም። ዛሬም አንድ ሰው በመንግሥት መኪና ቢገጭ፣ በፖሊስ ዱላ እጁ ቢሰበር፣ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ቆፍሮ ሳይከድን በተወው ጉድጓድ ቢገባ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ "ተመስገን በል፣ ነፍስህ ተርፋለች። ከመንግሥት ጋር ምን አጋፋህ?"

እኛ ይህን ምክር አንቀበልም። ለምን እንደማንቀበለው ከመናገራችን በፊት ግን የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከግቢው በር ላይ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ኪሳችን ሲነጥፍ "ከቤት ሲላክላችሁ ትሰጡኛላችሁ" እያሉ በዱቤ ያጠጡን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ስሙን የማንጠራው የአንድ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ኮድ 4 መኪና እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ረከቦታቸውንም ቀኝ እግራቸውንም ሰበረው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሠራተኛ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጣ። "መሥሪያ ቤቱ ያስብበታል፣ አይጨነቁ" አላቸው። እትዬም አልተጨነቁም፤ ጠበቁ። ጉዳዩ ወደ ሕግ ክፍል ተመርቷል ተባሉ፤ ጠበቁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ፤ ጠበቁ። የበጀት ዓመቱ ይዘጋና ተባሉ፤ በክራንች እየተመላለሱ ጠበቁ። ከ2 ዓመት ከ2 ወር በኋላ የሕግ ክፍሉ ባለሙያ አንገቱን ደፍቶ፣ "እናቴ፣ ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል" አላቸው።

ይርጋ ምን እንደሆነ ሊጠይቁን እኛ ጋ መጡ። እኛስ? ጋዋን ለብሰን፣ ጋዜጠኛ ተብለን ፎቶ ተነስተናል። ስለ ስም ማጥፋት ሕግ አንድ ሙሉ ኮርስ ተምረናል። የመንግሥት መኪና ሰው ሲሰብር ማን እንደሚከፍል ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። አፍረን ሕጉን ገለጥነው። ያገኘነውን እነሆ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 እንዲህ ይላል፤ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሰው ከጎዳ ይክሳል። ጥፋቱ ከሥራው የመጣ ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን ራሱን ካሳ ሊጠይቅ ይችላል፤ መንግሥት ደግሞ የከፈለውን ዞሮ ከአጥፊው ሠራተኛ ማስመለስ ይችላል። ልብ በሉ! ይህ የተጻፈው ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። ተረቱ አይከሰስም ሲል፣ ንጉሡ ያወጁት ሕግ መንግሥት ይከሰሳል ይል ነበር። ቁጥር 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። የታርጋ ቀለም አይለይም።

ታዲያ እትዬ ለምን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ? ቁጥር 2143 ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረበ መብቱን ያጣል ስለሚል ነው። ደብዳቤ መጻፍ ክስ አይደለም። ደጅ መጥናት ክስ አይደለም። "ይታሰብበታል" መባል ክስ አይደለም። እኛ ትዕግሥት የምንለውን ሕጉ ዝምታ ይለዋል። መሥሪያ ቤቶቻችን ደግሞ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ቀጠሮ የማያልቅበት ምክንያት ሁሌ ስንፍና ብቻ አይመስለንም።

አንድ የምናውቀው ጠበቃ ግን የሕግ ክፍሉ ባለሙያ ያላነበበውን፣ ወይም አንብቦ ያልነገራቸውን፣ ንዑስ አንቀጽ 2 አሳየን። ጉዳቱ ከወንጀል የመነጨ ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ፣ ለካሳውም የሚሠራው ረጅሙ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ እንዲህ ላለው ጥፋት የክስ ይርጋው ከ3 ዓመት አያንስም። በቸልተኝነት ሰው ማቁሰል ወንጀል ነው። ክሱ 3 ዓመት ሳይሞላ ገባ፤ ፍርዱ ገና ነው። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ ነፃ መባል አይታሰርም። ዳኝነት መክፈል ያቃተው ሰውም በደሃ ደንብ መክሰስ ይፈቀድለታል። ይህን ሁሉ የሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የለጠፈ አለ? የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይስ? የለም።

አሁን ወደሚያናድደው እንምጣ። ጠበቃው ክሱን ሲጽፍ ለሕክምና ወጪ፣ ለቀረ ገቢ እያለ ወረደና የሞራል ካሳ ላይ ሲደርስ "1,000 ብር" ብሎ ዘጋ። ዜሮ የረሳ መስሎን ነበር። አልረሳም። ቁጥር 2116 የሞራል ካሳ በምንም ዓይነት ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ሕጉ ሲወጣ 1,000 ብር ወደ 400 ዶላር ያወጣ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 10 ዶላር አይሞላም። ልጁን በመንግሥት ጥፋት ያጣ አባት፣ ለሐዘኑ ሕጉ የቆረጠለት ዋጋ የአንድ ቀን የቀብር ድንኳን ኪራይ አይከፍልም። ስንት መንግሥት መጣ፣ ስንት አዋጅ ተሻረ፤ ይህችን 1,000 ብር የነካት የለም።

ሌላም አለ። መንግሥት መሬት ሲወስድ የንብረት ካሳ የሚከፍልበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለው። ስለ ካሳው ማነስ ብዙ ቅሬታ ይሰማል፣ ልክ ነው። ግን ለፈረሰ ግንብና ለተቆረጠ ባሕር ዛፍ ገማች አለ፤ ለተሰበረ እግር ገማች የለም። ከአጥር ያነሰ ሰው ሆነናል ማለት ነው?

እትዬ የመኪና አደጋ ነው የደረሰባቸው። ሆን ተብሎ የተጎዳውስ? ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ግርግር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቆመው መንግሥት ዜጎችን ያሰቃይ እንደነበር አምነዋል። አጨበጨብን። ግን ያመነ ሰው በአገራችን ባህል ምን ያደርጋል? ይክሳል። ሽማግሌ ፊት "አዎ ገድያለሁ፣ አዎ መትቻለሁ" ያለ ሰው ጉማ ሳይከፍል ቤቱ አይገባም። መንግሥት ግን አመነ፣ ተጨበጨበለት፣ ቤቱ ገባ።

"2 ዓመቱ አልፏል" የሚል ካለ መልስ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ማሰቃየት፣ ሰውን መሰወርና ያለ ፍርድ መግደል በይርጋ አይታገዱም ይላል። ወንጀሉ ይርጋ ከሌለው፣ በዚያው በንዑስ አንቀጽ 2 ስሌት ካሳውም ይርጋ ሊኖረው አይገባም ብለን እንከራከራለን። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለችው የፀረ ማሰቃየት ስምምነትም በአንቀጽ 14 ተጎጂው የመካስ መብት አለው ይላል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ማካካሻ የሚል ቃል ይዟል። ቃሉ ጥሩ ነው። እኛ የምንጠብቀው ደረሰኙን ነው።

"መንግሥት ደሃ ነው፤ ሁሉ ከከሰሰው የሚከፈለው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው" የሚሉን ወዳጆች አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ግን ዛሬስ ማን እየከፈለ ነው? እትዬ እየከፈሉ ነው፤ ብቻቸውን። የአንድን ሾፌር ጥፋት ለመቶ ሚሊዮን ሰው ማካፈል ነው የሚከብደው ወይስ በአንዲት ቡና አፍይ ላይ መጫን? ደግሞም ከአጥፊው የማስመለስ መብት በሕጉ ተጽፏል። አንድ ኃላፊ የሠራተኛው ጥፋት ከመሥሪያ ቤቱ በጀት ሲቆረጥ ያየ ዕለት፣ በማግስቱ ለሾፌሮቹ ሥልጠና ያስይዛል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የ1,000 ብሯ ጣሪያ ትነሳ። ተጎጂ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ካመለከተበት ቀን ጀምሮ ይርጋው ይቁም። መሥሪያ ቤቱም በተወሰነ ቀን እሺ ወይም እምቢ እንዲል ይገደድ፤ አሜሪካ በሕጓ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶቿ 6 ወር ሰጥታለች፣ ከዚያ ካለፈ ተጎጂው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እንዲሁም ተጎጂውን የሚረዳ ራሱን የቻለ አካል ይኑር። ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር ጥፋተኛውን ፖሊስ በወንጀል ይከሳል፤ በፍትሐ ብሔር ደግሞ መንግሥትን ወክሎ ይከራከራል። በአንድ እጁ ቁስል እየጠረገ በሌላው በር ይዘጋል።

እስከዚያው ግን ውድ አንባቢ፣ ጉዳት ከደረሰብህ ወይም ከደረሰብሽ የሕክምና ማስረጃውን፣ የትራፊክ ፕላኑን፣ የምስክር ስልክ ያዙ፤ ቀኑን ጻፉ፤ 2 ዓመት ሳይሞላ ፍርድ ቤት ሂዱ። ብርቱካኑን ተቀበሉ፤ ቀጠሮውን ግን አትመኑ። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ያሉትም እኮ እነዚያው አባቶቻችን ናቸው።

የእትዬ ቀጣይ ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የዱቤያችንን ሒሳብ ገና አልጨረስንምና አብረናቸው እንሄዳለን።