«ዝኒ ከማሁ» የትኛው?

ጓዶች፣ በግለሂስ ልጀምር። ባለፈው ወር አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ሲመልሱልኝ፣ ከአንዲት የግርጌ ማስታወሻ ጎን በቀይ «የትኛው?» ብለው ጽፈው ነበር። ማስታወሻዋ አንዲት ቃል ናት፤ በእንግሊዝኛ «ኢቢድ»፣ በአገራችን የሕግ ጽሑፎች «ዝኒ ከማሁ»፣ እዚህ በዓረብኛው ደግሞ «አልመርጀዕ ነፍሱሁ» የምትባለው። መጀመሪያ ስጽፋት ከበላይዋ የነበረው የሰበር ችሎት ውሳኔ ነው። በኋላ ሁለት አንቀጾች ከሦስተኛው ምዕራፍ አንሥቼ ወደ ሁለተኛው ሳዛውር ቃሏም አብራ ሄደችና ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥር ተቀመጠች። ችሎቱ ያለውን ሕግ አውጪው እንዳለው አድርጌ አቀረብኩ ማለት ነው።

ይህ የነጥብና የሰረዝ ጉዳይ ነው የሚል አባል ካለ ፈጽሞ ተሳስቷል። በሕግ ጽሑፍ ማን አለ የሚለው ምን አለ ከሚለው አያንስም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስራል፤ ትርጉሙ ግን ሕጉ ራሱ አይደለም። ሁለቱን ያምታታ ተማሪ የገዛ ክርክሩን አፍርሷል።

መድኃኒቱ በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዞተሮ በነጻ ይገኛል፤ ብዙዎቻችንም በኮምፒውተራችን ጭነነዋል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ሙሉ ጥቅስ በእሱ እናስገባና ተከታዩን «ኢቢድ» በእጃችን እንጽፋለን። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ተደጋጋሚውንም በዞተሮ ብናስገባው፣ እንደ ኦስኮላ ባለው ሥርዓት አንቀጹ ሲዛወር ማሳጠሪያው አብሮ ይለወጣል፤ የመጀመሪያው ጥቅስ ቢሰረዝም ተከታዩ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ቀዳሚው ማስታወሻ ሁለት ምንጮች ከያዘ ደግሞ «ኢቢድ» አይልም፤ አንባቢው የትኛውን እንደሆነ አያውቅምና። ይህን ጥንቃቄ በእጁ የሚያደርግ ከመካከላችን ስንት ነው?

አንዳንድ ነባር አባላት «እኛ በእጃችን ጽፈን ተመርቀናል፣ መሣሪያው ያሰንፋል» ይላሉ። ልፋታቸውን አከብራለሁ፤ አቋማቸውን ግን አልቀበልም። በቅርቡ ከቤተ መጻሕፍት ያወጣሁት አንድ የቆየ የዓረብኛ ጥናት «መርጀዕ ሳቢቅ»፣ ማለትም ቀደም ያለ ምንጭ፣ ብሎ የደራሲውን ስም ብቻ ይሰጣል፤ የማስታወሻ ቁጥር የለውም። ያንን ምንጭ ለማግኘት ስልሳ ገጽ ወደ ኋላ ገልጫለሁ። ቁጥር መቁጠር የማሽን ሥራ ነው፤ እኛ ልንለፋ የሚገባን ፍርዱን በማንበብ ነው።

መሣሪያውን ማምለክም ሌላው ስህተት ነው። ዞተሮ በእጅ የተጻፈውን አያይም። በእሱ ካስገባችሁት ጥቅስ ቀጥሎ በዚያው ማስታወሻ ውስጥ አንድ አዋጅ በእጃችሁ ብትጨምሩ፣ በሚቀጥለው ማስታወሻ «ኢቢድ» ማለቱን አይተውም፤ አንባቢው ግን አዋጁ ይመስለዋል። የአሜሪካውን ብሉቡክ የምትከተሉ ደግሞ «ሱፕራ» ለፍርድ ውሳኔና ለሕግ በመደበኛው እንደማይሠራ አስታውሱ። ለአዋጆቻችን በዞተሮ «አጭር ርዕስ» የሚለውን ሣጥን ሙሉ፤ አለዚያ ያ ረጅም የአዋጅ ስም በየገጹ ይደገማል። ጥቅሶቹን ወደ ተራ ጽሑፍ የምትለውጡት በመጨረሻ፣ ያውም በቅጂው ላይ ብቻ ይሁን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የስማችን ነገር ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ የሚባል ጸሐፊ በሁለቱ የስም ሣጥኖች ተከፍሎ ሲገባ፣ በአጭሩ ጥቅስ ላይ የሚቀረው ከበደ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ልጅ ይጠፋና አባትዮው ደራሲ ይሆናሉ! ዞተሮ ሁለቱን ሣጥኖች ወደ አንድ የሚያጣምር ምልክት ከስሙ አጠገብ አለው። እሱን ከተጫናችሁ በኋላ ስሙን እንዳለ ስትጽፉት ሙሉው ይወጣል።

የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ረቂቅ ከሚገባበት ቀን በፊት አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ለዚህ እንዲመድብ እጠይቃለሁ። በእኔ ረቂቅ ውስጥ እስካሁን ደራሲ ሆነው የተገኙት አባቶች ሰባት ናቸው።