የ26 ወራት በረራ፦ የጋምቢያ በርድ አየር መንገድ አነሳስና አወዳደቅ

ምዕራብ አፍሪካ የጋራ አየር መንገድ ይኑረን በሚል በ1961 ያቋቋመው ኤር አፍሪክ በ2002 ከፈረሰ ወዲህ፣ የተወውን ክፍተት ለመሙላት በርካታ ኩባንያዎች ሞክረዋል። ከእነዚህም አንዱ መቀመጫውን ባንጁል አድርጎ በኦክቶበር 2012 ሥራ የጀመረው ጋምቢያ በርድ ነበር። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኩባንያው ድርሻ 90 በመቶ የጀርመኑ አየር መንገድ ጀርማኒያ፣ 10 በመቶ ደግሞ የጋምቢያ መንግሥት ነበር። ሥራውን የሚያከናውነው ከጀርማኒያ በመጡ ሁለት ኤርባስ ኤ319 አውሮፕላኖች ነው። በእነዚሁ አውሮፕላኖች ባንጁልን ከዳካር፣ ከፍሪታውን፣ ከሞንሮቪያ፣ ከኮናክሪና ከአክራ፣ እንዲሁም ከለንደንና ከባርሴሎና ጋር ማገናኘት ችሏል።

የጋምቢያ ሕዝብ በወቅቱ 2 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ስለሆነም ኩባንያው የሚኖረው ከጎረቤት አገሮች በሚያሳፍራቸው መንገደኞች ነው። ይህም የየአገሩን መንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። የአፍሪካ አገሮች ሰማያቸውን ለእርስ በርስ በረራ ክፍት ለማድረግ በ1999 በያሙሱክሮ ቢወስኑም፣ የውሳኔው አፈጻጸም አዝጋሚ ስለነበር አንዲት የፈቃድ ደብዳቤ የአንድን መስመር ዕጣ የምትወስንበት ሁኔታ አልተለወጠም።

ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ሲዛመት የሆነውም ይኸው ነው። በኤፕሪል 2014 የጋምቢያ መንግሥት አውሮፕላኖች ከሦስቱ አገሮች መንገደኛ እንዳያሳፍሩ ከለከለ። ከልካዩ የኩባንያው ባለድርሻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በኦክቶበር ወር ደግሞ የብሪታኒያ መንግሥት ከፍሪታውን ወደ ለንደን በቀጥታ ለመብረር ሰጥቶት የነበረውን ፈቃድ ሰረዘ። በጋምቢያ አንድም የኢቦላ ሕመምተኛ ባይገኝም፣ የአገሪቱ ቱሪዝም በፍርሃት ተመታ። ኩባንያውም ወረርሽኙን በምክንያትነት ጠቅሶ ዲሴምበር 30 ቀን 2014 በረራውን አቋረጠ፤ ዳግመኛም አልተነሳም።

ይሁንና ኢቦላን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ጉዳዩን በግማሽ ማየት ይሆናል። ኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲመሠረት 40 በመቶ ድርሻ ይዞ የገባበት የሎሜው አስካይ፣ በጃንዋሪ 2010 ሥራ የጀመረ የዚያው አካባቢ አየር መንገድ ነው። በጁላይ 2014 በሽታውን ወደ ሌጎስ ያደረሰው መንገደኛ የተጓዘው በአስካይ አውሮፕላን ሲሆን፣ አስካይም ወዲያውኑ ወደ ሞንሮቪያና ፍሪታውን የሚያደርገውን በረራ አቁሟል። ነገር ግን ሌሎች መስመሮች ነበሩት፤ የቴክኒክና የሥልጠና ድጋፍ የሚሰጠው ሸሪክም ከጎኑ ነበር። ዛሬም እየበረረ ይገኛል። በአንጻሩ ሁለት አውሮፕላን ብቻ ያለው ኩባንያ ሦስት መስመር ሲዘጋበት ዞር የሚልበት ቦታ አይኖረውም። አውሮፕላኖቹም የሩቅ ባለቤት ንብረት ናቸውና፣ ባለቤቱ ገበያው እስኪያገግም ድረስ ኪሳራ ተሸክሞ እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም።

የአፍሪካ ኅብረት አንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ለመፍጠር ያለመውን ዕቅድ 23 አገሮችን ይዞ አዲስ አበባ ላይ ይፋ ያደረገው በጃንዋሪ 2018 ነው። ይህም ለጋምቢያ በርድ ከሦስት ዓመት በላይ የዘገየ ነበር። ጀርማኒያ ራሱም በፌብሩዋሪ 2019 ከስሮ በረራ አቁሟል።