«የተፈጥሮ ነው» ማለት ክኒኑን ይተካል ማለት አይደለም

ረመዳን ሲገባ ደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት ሁሉ «መድኃኒቱ እንዴት ይሁን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አንዳንዱ ክኒኑን ለወሩ አቁሞ በተፈጥሮ መድኃኒት መተካትን እንደ መፍትሔ ያየዋል። በዱቄት፣ በካፕሱልና ከቡና ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠው ጋኖደርማ የተባለ እንጉዳይ አንዱ ነው። በእኔ እምነት ይህ ልውውጥ አደገኛ ነው።

እንጉዳዩ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ከተለያዩ የእንጉዳይ ዓይነቶች የወጡ ፔፕታይድ የሚባሉ የፕሮቲን ቁርጥራጮች፣ የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር የሚሠራውን ኢንዛይም በቤተ ሙከራ ሲገቱ ታይተዋል። ኢናላፕሪል የተባለው ክኒንም የሚሠራው ይህንኑ ኢንዛይም በመግታት ነው።

ነገር ግን ቤተ ሙከራና የሰው አካል ለየቅል ናቸው። በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 398 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 5 ጥናቶች መርምሮ፣ ጋኖደርማ ለልብና ለደም ሥር ሕመም የሚያጋልጡ ችግሮችን ለማከም እንዲውል የሚደግፍ ማስረጃ አላገኘም። የግፊት መድኃኒት የሆነው ካፕቶፕሪል መነሻው የብራዚል እባብ መርዝ ነው፤ ሆኖም ለግፊት በእባብ ተነደፉ የሚል የለም። ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር መድኃኒት የሚሆነው መጠኑ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ ነው።

«ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለውም አያስኬድም። ጋኖደርማ ደም ከሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ለመድማት ሊያጋልጥ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ክኒኑ መቋረጡ ነው። ግፊት ሕመም ሳይሰማ ከፍ ብሎ ይቆይና በድንገት በስትሮክ ይመጣል።

መፍትሔው ቅርብ ነው። በቀን አንዴ የሚወሰዱ ብዙ ክኒኖች በሐኪም ምክር ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ሊዛወሩ ይችላሉ። ሽንት የሚያበዙት ግን ውኃ ጥም ስለሚያባብሱ ልዩ ምክር ይሻሉ። ጾሙ ያሰጋል ከተባለም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው። ማዕዱንም እንይ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። የሾርባውና የሳምቡሳው ጨው ሲደመር ይህን ማለፍ ቀላል ነው።

እንጉዳይ የሚወድ በማዕዱ ላይ ይብላው፤ መልካም ምግብ ነው። ለእናትና ለአባት ማሰብ ግን ውድ ዱቄት ከመግዛት ይልቅ ግፊታቸውን ማስለካት፣ ጨዉን መቀነስና «ክኒኑን ወስደዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው።