ለዓረፋ ቢላዋ ምን ዓይነት ብረት?



ባለፈው ዓረፋ እዚሁ አዳማ፣ በግቢያችን የሆነውን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ከሱቅ የገዛነው፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ቢላዋ የመጀመሪያውን በግ በደህና አረደ። በጎረቤታችን በግ ላይ ግን ስለቱ ዶለዶመና አራጃችን ሳያነሱ ደጋግመው መመላለስ ግድ ሆነባቸው። እኛም አፍረን ዓይናችንን አዞርን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አራጅ ስለቱን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ ማዘዛቸው በሶሒሕ ሙስሊም ሰፍሯል። ያን ቢላዋ ደግሞ ጠዋት ስለነው ነበር! ጥፋቱ ከብረቱ ነው።

የሚያብረቀርቀው ቢላዋ የማይዝግ ብረት፣ ማለትም ስቴንለስ ነው። ከዝገት የሚጠብቀው ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ የሚሆን ክሮሚየም ስላለበት ነው። ጥሩው ጥሩ ነው፤ ትልልቅ ቄራዎችም በፈላ ውኃ ስለሚታጠብ ይመርጡታል። ርካሹ ግን ለስላሳ በመሆኑ ስለት አይቆይበትም።

የጅቡቲ መንገድ በሚያልፍባቸው በአዳማና በመተሐራ ያረጀ የከባድ መኪና ባሌስትራ አይጠፋም። በውስጡ ከመቶ 0.6 እጅ ገደማ ካርቦን ስላለ ጠንክሮ ስለት ይይዛል። ለቤት ግንባታ የሚውለው ፌሮ ካርቦኑ ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ቢቀጠቀጥም ቢሞረድም ያው ነው።

ባሌስትራም ቢሆን በአሠራሩ ይበላሻል። ቀጥቃጩ በወናፍ አግሎ ዘይት ውስጥ ሲነክረው ይጠነክራል፤ በዚያው ከተወው ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ሞቆ መብረድ አለበት። ቴርሞሜትር የሌለው ባለሙያ ይህን የሚያውቀው በተወለወለው ብረት ላይ በሚወጣው የገለባ ቀለም ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀጥቃጭ ተብሎ ሲናቅ መኖሩ ያሳዝናል። ለነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) አላህ ብረትን አለስልሶላቸው ጥሩር ይሠሩ እንደነበር በሱረቱ ሰበእ ተነግሯል፤ ሰሐባው ኸባብ ኢብኑል አረትም ሰይፍ ሠሪ ነበሩ።

ስትገዙ ማግኔት አያታልላችሁ፤ ብዙው የቢላዋ ስቴንለስም ይሳባል። ይልቅ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ጠርዙን በሞረድ ዳበስ አድርጉት። ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው፤ ከነከሰው ለስላሳ ነው።

የባሌስትራ ቢላዋ ነውሩ ዝገት ነው። ደም እንደያዘ ካደረ ጠዋት ነጠብጣብ ይዞ ታገኙታላችሁ። ወዲያው ማጠብ፣ ማድረቅና ዘይት መቀባት ይፈልጋል። እናቶች ሎሚ እንዳይቆርጡበት ብንለምን አንወቀስም።

ዘንድሮ እኛ ከባሌስትራ የተሠራ አዝዘናል፤ ለጎረቤታችንም ጭምር። ስለቱን የምናወጣው፣ ኢንሻአላህ፣ በዋዜማው ጓዳ ውስጥ፣ በጎቹ በማያዩት ቦታ ነው።