«ካንስል አደረገብኝ»፦ ለጉራማይሌ ከሳሾች የቀረበ ምላሽ

«አማርኛ በእንግሊዝኛ ተዋጠ» የሚለው ክስ ዛሬ ማስረጃ የማይጠየቅበት ሆኗል። የቋንቋ መምህራን ይሉታል፣ የሬዲዮ አዘጋጆች ይደጋግሙታል፣ ወላጆች በልጆቻቸው አነጋገር ይማረሩበታል። ክሱ ሁለት ነገር ጠቅልሎ ይዟል። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በዛ የሚል ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ ሰዋስዉ ፈርሷል፣ የአዲስ አበባ ወጣት በእንግሊዝኛ ደንብ አማርኛ ያወራል ይላል። የእኔ ምላሽ ለዚህኛው ነው። ሰዋስው ከፈረሰ መጀመሪያ የሚፈርሰው ግስ ከባለቤቱና ከተሳቢው ጋር የሚገጥምበት ቦታ ነውና፣ መመርመር ያለበትም እሱ ነው።

ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ካፌ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የመሥሪያ ቤት ባጇን ከአንገቷ ያላወለቀች ሴት ለጓደኛዋ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «ኢሜይሉን ፎርዋርድ አድርጌለት፣ ሳያየው ሚቲንጉን ካንስል አደረገብኝ።» አራት የእንግሊዝኛ ቃላት በአንድ ትንፋሽ። ለከሳሾቹ የተዘጋጀ ምስክር ይመስላል። እስቲ ምስክሩን እንመርምረው። «ኢሜይል» እና «ሚቲንግ» የእንግሊዝኛውን «ዘ» ይዘው አልገቡም፤ የአማርኛውን «-ኡ» አስከትለዋል፣ ተሳቢ በመሆናቸውም «-ን» ጨምረዋል። እንግሊዝኛ ግሱን ከተሳቢው ያስቀድማል፤ እሷ ግን እንደ አያቷ ተሳቢውን አስቀድማ በግስ ዘጋች። «አድርጌለት» የሚለው አንድ ቃል ላኪዋ እሷ መሆኗን፣ የተላከው ለእሱ መሆኑን፣ ነገሩም ከሚቀጥለው ድርጊት በፊት ማለቁን ይናገራል። «አደረገብኝ» ደግሞ ቅሬታዋን በአንዲት «-ብኝ» ጨርሶታል። እንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜን ሲናገር ለእሱም ለእሷም ለእነሱም ያለው ቅርጽ አንድ ነው፦ «ካንስልድ»። ማን እንደሰረዘና በማን ላይ እንደሰረዘ ለመናገር ሌሎች ቃላት መደርደር አለበት። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጊዜውን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን የተሸከመው ሁሉ አማርኛ ነው።

ቅርጹም ከውጭ የመጣ አይደለም። ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ከፍ አደረገ፣ ቁጭ አደረገ የሚሉት ጥምር ግሶች ጉራማይሌ የሚባል ቃል በማንም ላይ ሳይለጠፍ የነበሩ ናቸው። የማይረባው ክፍል ትርጉሙን ይሰጣል፣ «አለ» ወይም «አደረገ» ይረባል። «ካንስል» የተቀመጠው «ከፍ» በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ለመፈተን ቀላል ነው። «ዋጋውን ከፍ አደረገው» እንላለን፤ «ከፍን አደረገ» አንልም። «ሚቲንጉን ካንስል አደረገው» እንላለን፤ «ካንስሉን አደረገው» የሚል የለም። «ከፍም አላደረገው» እንደሚባል «ካንስልም አላደረገው» ይባላል። ተናጋሪዎቹን ይህን ያስተማራቸው የለም፤ ግን አይሳሳቱም።

የቋንቋ ምሁሩ ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመው «ላንጉዌጅ ኢን ኢትዮጵያ» በተሰኘው መጽሐፍ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ከሚጋሯቸው ጠባዮች አንዱ አድርጎ የጠቀሰው ይህንኑ በ«አለ» የሚሠራ ጥምር ግስ ነው። ሴማዊውም ኩሻዊውም ይጠቀምበታል። ሂንዲ፣ ፋርስኛ፣ ቱርክኛና ጃፓንኛም የውጭ ግስ ሲመጣባቸው «ማድረግ» የሚል የራሳቸውን ግስ አጠገቡ ያቆማሉ። የናይሮቢ ሰው በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ የስዋሂሊን ቅጥያ በቀጥታ በእንግሊዝኛው ግስ ላይ ይለጥፋል፣ «አሊዲሳይድ» ይላል፤ ኃላፊ ጊዜውን የያዘችው ግን ስዋሂሊዋ «ሊ» ናት። የቋንቋ ምሁሯ ካሮል ማየርስ ስኮተን በ1993 እ.ኤ.አ. መጽሐፏ ከዚያው ከናይሮቢ ንግግር ተነሥታ የተከራከረችው፣ በድብልቅ ንግግር ውስጥ አንዱ ቋንቋ ማዕቀፉን ይሰጣል፣ ሌላው ቃል ያቀብላል ብላ ነው። የካዛንቺሷ ሴት ማዕቀፍ የቱ እንደሆነ አይተናል።

አሁን ወደ ኃላፊው ጊዜ። የእንግሊዝኛ ደንብ ገብቶ ቢሆን ኖሮ «ሴንድ» በትናንት ነገር ላይ «ሴንት» መሆን ነበረበት። «ትናንት ሴንድ አደረግኩልህ» ነው የሚባለው። አንድ ለከሳሾቹ የሚመች የሚመስል ቃል አለ፤ «ስታክ»። «ስልኬ ስታክ አደረገ» ይባላል፣ ቃሉም በእንግሊዝኛ የኃላፊ ቅርጽ ነው። ነገር ግን ያው ሰው «በየደቂቃው ስታክ ያደርጋል»፣ «አሁን ስታክ ሊያደርግ ነው» ይላል። የኃላፊ ቅርጽ መሆኑ ተረስቷል። «ፎርጅድ» ከዚህም አልፎ ሄዷል። ከማንኛውም ባለሱቅ አፍ የሚሰማው «ፎርጅድ መታወቂያ» ውስጥ ቃሉ እንደ «ሐሰተኛ» ያለ ቅጽል ነው፣ መጨረሻው «ድ» የራሱ ሥራ የለውም፤ «ፎርጅድ ሊያሠራ ነው» ሲባል የሚደናገር የለም።

የውጭ ቃል ለካዛንቺስ ሰፈር አዲስ አይደለም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በጣልያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም አሕጽሮት፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው። እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ለገሃር ፈረንሳይኛ ነው። አፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀበት ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዓለም ቋንቋ በሰፈሩ ደጅ ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። ከጣልያንኛ የመጣው «ፊርማ» ዛሬ ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ እየተባለ ከሀገሬው ግስ ሳይለይ ይረባል። «ካንስል» እዚያ አልደረሰም፤ በ«መሰከረ» ልክ «ከነሰለ፣ ይከነስላል» ማለት ይቻል ነበር፣ ከቀልድ በቀር ግን የሚል የለም። ለምን ፊርማ እንደተፈቀደለትና ካንስል በር ላይ እንደቆመ ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል።

ከሳሾቹ እውነት ያላቸው የት ነው ብባል ሕክምና ቤት እላለሁ። ከገጠር ለመጣች እናት «ሳምፕሉ ኮንታሚኔትድ ስለሆነ ሪፒት እናደርጋለን» ማለት በሰዋስው እንከን የለውም፤ እሷ ግን ምንም አልሰማችም። «ናሙናው ስለተበከለ እንደገና እንወስዳለን» ለማለት የሚጎድል ቃል አልነበረም። ይህ የሰውን መብት የሚነካ ጥፋት ነው፣ ክሱም ወደዚህ ቢዞር አብሬ እፈርማለሁ።

የሚገርመኝ፣ ለሰዋስው ክሳቸው ከሁሉ የሚጠነክረውን ማስረጃ አለማንሣታቸው ነው። «ሚስ አደረግኩሽ» ማለቴ ነው። አማርኛ የስሜትን ነገር ሲናገር ስሜቱ የደረሰበትን ሰው ብዙ ጊዜ ተሳቢ ያደርገዋል፦ ራበኝ፣ ሰለቸኝ፣ ደከመኝ። «ናፈቅሽኝ» ሲባል ባለቤቱ የራቀችው ሴት ናት፣ ናፍቆቱ የደረሰበት ተናጋሪ «-ኝ» ሆኖ መጨረሻ ላይ ቀርቷል። «ሚስ አደረግኩሽ» ይህን ይገለብጠዋል፤ ተናጋሪው ባለቤት ይሆናል፣ እሷ ተሳቢ። የእንግሊዝኛው ግስ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ማን ባለቤት፣ ማን ተሳቢ እንደሚሆንም ይዞ የመጣ ይመስላል። እኔም ይህን እንደ ቀላል ነገር አላልፈውም። ሆኖም ሁለት ነገር መታየት አለበት። «እናቱን ናፈቀ»፣ «አገሩን ናፈቀ» የሚለው አማርኛ ቀድሞም ነበረ፤ እዚያም ናፋቂው ባለቤት ነው። ስለዚህ ሚስ የተከተለው መንገድ ያልነበረ አይደለም፤ ምናልባት የቀዘቀዘውን መንገድ አሞቀው። በሌላ በኩል «ቦር አደረገኝ» የሚለው ከ«ሰለቸኝ» ጋር አንድ ነው፤ የተሰላቸው ሰው አሁንም በ«-ኝ» ይቀመጣል።

«አይ ሚስድ ዩ» ብሎ ሙሉውን በእንግሊዝኛ የሚናገርም ሞልቷል፤ እሱ በእንግሊዝኛ ሕግ የሚዳኝ እንግሊዝኛ ነው። ከከሳሾቹ የምጠብቀው ሌላ ማስረጃ ነው፦ «ሚቲንጉን ካንስልድ» ብሎ «አደረገ»ን የጣለ፣ ወይም «ካንስል አደረገው ዘ ሚቲንግ» ብሎ ተሳቢውን ያለ «-ን» ከግስ በኋላ ያስቀመጠ፣ ሲቀልድ ያልሆነ የካዛንቺስ ልጅ ያምጡልኝ።